ስለ ኮርኒሱ ቢጫነትና ስለ ጸሐፊዋ ጤንነት

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል
ቦታ፦ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቀበሌ አዳራሽ
የተገኙ፦ ጓድ ዓምሃ (ሊቀመንበር)፣ ጓድ አድነው (ገንዘብ ያዥ)፣ ጓዲት ዓሊማ (የሴቶች ማኅበር ተወካይና ጨርቅ ነጋዴ)፣ ጓዲት የሺሀረግ (ጸሐፊና እጮኛ)
ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ኑሪ ፎቶ አንሺ፣ ከነካሜራውና ከነፍላሹ

ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው ጓድ አድነው ከሻይ ቤት ተጠርተው ከመጡ በኋላ ነው።

አጀንዳ 1፦ የጸሐፊዋ ፊት

ሊቀመንበሩ እንዳስረዱት፣ ጸሐፊዋ በዚሁ አዳራሽ ቀለበት ስታስር የተነሳችው ባለቀለም ፎቶ አምቦ ለሚኖሩት ለእጮኛዋ ለኢታና እናት ተልኳል። እናትየውም ፎቶውን አይተው «ይቺን ልጅ የወፍ በሽታ ይዟታል፤ ሳትድን ሰርግ የለም» ብለዋል። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጸሐፊዋ ይህን ቃል እንደማትቀበለው እንዲመዘገብላት ጠይቃ ተመዝግቦላታል።

ጓድ አድነው ታማ ከሆነ በግልጽ ትናገር አሉ። ጓዲት ዓሊማ «አንተ ሰውዬ፣ ጥርት ያለች የቀይ ዳማ እያየህ!» ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ከብዙ ክርክር በኋላ ጸሐፊዋ ቢጫ አለመሆኗ፣ ባለጉዳይዋ ሳትቆጠር፣ በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ፤ ይህንኑ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ማስረጃም ተዘጋጀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ጓድ አድነው ናቸው። ጸሐፊዋ አትረሳውም።

አጀንዳ 2፦ የኮርኒሱ ድርሻ

ያንን ፎቶ ያነሳው ኑሪ ተጠይቆ ሲመልስ፣ ፍላሹን ፊት ለፊት ቢያበራው የሰው ፊት ዱቄት የተነፋበት እንደሚመስልና ከኋላ ጥቁር ጥላ እንደሚገተር አስረዳ። ስለዚህ ወደ ኮርኒሱ አዙሮ ያበራዋል፤ ብርሃኑ ተመልሶ ሲወርድ ግን የኮርኒሱን ቀለም ይዞ ይወርዳል። «ኮርኒሱ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእንቁላል አስኳል ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ቀለሙን የመረጡት ራሳቸው መሆናቸውን ገልጸው፣ የሕዝብን ኮርኒስ ማማት አድኃሪነት መሆኑን አሳሰቡ። ኑሪም «እ... ማለቴ፣ ቢጫ የሚያበራው አምፖሉም አለበት» በማለት ጥፋቱን አካፈለ። አምፖሉ ሂሱን ይዋጥ አይዋጥ በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ተደረገ።

ጓዲት ዓሊማ ከሱቃቸው ነጭ አቡጀዲ አምጥተው ኮርኒሱ ሥር ለመወጠር ፈቃደኛ ሆኑ። ኑሪ «በቃ፣ ይኸው ነው! አምፖሉን አጥፍቼ ፍላሹን ወደ አቡጀዲው ካበራሁት ትጠራለች» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ጓድ አድነው ግን ነጭ ጨርቅ መስቀል እጅ መስጠት ነው፣ ለማን እጃችንን እንደሰጠን የበላያችን ከፍተኛው ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን ሲሉ ተቃወሙ። አቡጀዲው ወደቀ።

በምትኩ መላው ኮሚቴ ከጸሐፊዋ ጋር ቢጫው ሥር ፎቶ እንዲነሳና ፎቶው አምቦ እንዲላክ፣ ሁሉም ቢጫ ከሆነ እሷ ተለይታ ስለማትታይ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አባላቱ ተሰልፈው ኑሪ ፍላሹን ሲያስተካክል ጓዲት ዓሊማ «ሴትዮዋ ይህን ሲያዩ በሽታው ቀበሌውን ፈጀው አይሉም?» ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ሳቅ ሆነ። ሳቁ እንዲቆም ታዘዘ፤ አልቆመም።

ልዩ ልዩ

በዚህ መካከል ኢታና እናቱን ወይዘሮ ደሳለችን ከአምቦ አውቶቡስ ተቀብሎ ገባ። ሊቀመንበሩ እናትየው አጀንዳ አስይዘው እንደሆነ ጠየቁ። እሳቸውም ጸሐፊዋን በክንዷ ይዘው ደጅ አወጧት፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙረው ዓይኗን ገልጠው መረመሯት። ስብሰባው በመስኮት በኩል ቀጠለ።

«ውይ በሞትኩት! ይቺን ልጅ ነው ያማኋት?» ብለው እያገላበጡ ሳሟት። ጸሐፊዋ አልቅሳለች፤ የደስታ ነው።

ሊቀመንበሩ እንግዲህ ፎቶው ደጅ፣ በፀሐይ ይነሳ አሉ። ወይዘሮ ደሳለች አልተስማሙም። «የለም፣ እዚያው ቢጫው ሥር! ፎቶዋን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየሁ አምቻታለሁ። አሁን ከጎኗ እኔም ቢጫ ሆኜ ይዩኝ» አሉ።

ስለሆነም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማስረጃው ተቀደደ፣ ኮሚቴው ከፎቶው ወጣ፣ ኮርኒሱ ጥፋተኛም ንጹሕም ሳይባል ታለፈ። ወይዘሮ ደሳለችና ጸሐፊዋ ብቻቸውን ፎቶ ተነስተው ስብሰባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ የጸሐፊዋን ቀኝ እጅ አልለቅም ስላሉ ይህ መስመርና ፊርማው የተጻፉት በግራ ነው።