ዝም ብላችሁ ሙሉ

ተመራማሪ ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ፣ እንግሊዝኛ በምማርበት ክፍል ያዘኝ። ድሮ የጥናት ፋሽን ሰዋስው ነበር፤ ዘንድሮ ተማሪን ማናገር ሆኗል አሉ። አስተማሪያችን ለማስተርሱ «ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለምን አይናገሩም?» የሚል መጠይቅ አደለን። መልሳችን ካላማረ አይመረቅም።

«ዝም ብላችሁ ሙሉ» አለ።

ለቱሪስት ሰፌድ የምትሸጠውና አብራኝ የምትማረው ጎረቤቴ ፈርዶስ እጇን አውጥታ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ጀመረች።

«እናቴ፣ ጥናቱን አይረብሹብኝ» አላት።

«ወላሂ፣ እየተናገርኩለት እኮ ነው» ብላኝ መልሷን ጻፈች። ሁላችንም ከእሷ ኮረጅን።

ወረቀቶቹን ሲያነብ ፊቱ በራ። የሁላችንም መልስ «ዝም በሉ ስለምንባል» ይላል።

«እንዲህ የተስማማ ውጤት አይቼ አላውቅም፤ ተመረቅኩ» አለ።

እንኳን ደስ ያለህ ልንለው፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ አፋችንን ስንከፍት እጁን አነሳ።

«ዝም በሉ፣ መልሳችሁን ልቁጠር።»