የሙሽራዋ ትክክለኛ ቀለም

ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ራሱን ፍለጋ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ራሱንማ በየማለዳው መስታወት ላይ ያገኘዋል፤ ለዚያውም በነፃ። የሚሄደው ከራሱ ትንሽ ሻል ያለ፣ ነገር ግን ዘመድ አዝማድ «እሱ ነው» ብሎ የሚምልለት ሌላ ሰው ፍለጋ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ቀለም ማለት የብርሃን ሞገድ ርዝመት ነው ብሎ ያምናል። እምነቱን ለመፈተን ሀዋሳ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት መግባት ይበቃዋል።

እኔ የገባሁበት ፎቶ ቤት የማርቆስ ነው። ማርቆስ ተማሪዬ ነበር። አሁን እንጀራው የሚወጣው ከብርሃን ምዕራፍ ስለሆነ፣ በዚያ ምዕራፍ ያመጣውን ውጤት እዚህ ማንሳት ነውር ነው። ሰኞ ዕለት ደወለልኝ። የድሮው ፕሪንተሩ አርጅቶ ጨርሶ ቆሟል፤ በምትኩ አንድ ትልቅ አዲስ ፕሪንተር አስመጥቷል፤ ከፕሪንተሩ ጋር ደግሞ ፎቶዎችን ወረቀት ላይ የሚደረድርና ቀለም የሚያስተካክል ሶፍትዌር መጥቷል።

«ቲቸር፣ ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ወጣችብኝ» አለኝ፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙሽራዋ ቤዛ ትባላለች፤ የወይዘሮ አስካለ የመጨረሻ ልጅ ናት። ወይዘሮ አስካለ በሰፈራችን ያለ እሳቸው ምክር ሠርግ የማይደገስ ሴት ናቸው። የሁለቱ ትልልቅ ልጆቻቸው የሠርግ ፎቶ፣ እያንዳንዱ በር የሚያህል፣ ሳሎናቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ ሁለቱንም ያተመው ማርቆስ ነው። ለሦስተኛው ምስማሩ ከተመታ ቆይቷል። እሑድ ቅልቅል ስለሆነ የሙሽራው ወገን በሙሉ መጥቶ ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ወይዘሮ አስካለ ያን ዕለት ባዶ ምስማር ካዩ ፎቶውን አዲስ አበባ እንደሚያሳትሙ፣ ከዚያ በኋላ የሚያማክራቸውንም ሁሉ ወደዚያው እንደሚልኩ ለማርቆስ ረጋ ብለው ነግረውታል። ያስፈራው ረጋ ማለታቸው ነው።

ማክሰኞ ሄድኩ። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ችሎታውን ያሳየን በድርደራ ነው። ወረቀት እንዳይባክን ብሎ ሙሽራዋን በጎኗ አጋደማትና በተረፈው ቦታ ላይ የአንድ አዛውንት አሥራ ሁለት ጉርድ ፎቶ ደረደረ። ቤዛ በነጭ ቀሚሷ ተኝታለች፤ ዙሪያዋን አሥራ ሁለት ሽማግሌ ቆመዋል፤ አሥራ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። እንዲህ በአንድ ቃል የሚናገሩ ሽማግሌዎች ተልከውበት ልጁን የሚከለክል አባት ይኖራል? ያም ሆኖ ሶፍትዌሩ በራሱ እንዳይደረድር ከለከልነውና ሙሽራይቱን አቆምናት።

የቀለሙ ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ስክሪን ቀለምን የሚናገረው በብርሃን ነው፤ ፕሪንተር የሚናገረው በኢንክ ነው። ስለማይግባቡ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቀመጣል፤ ይህ አስተርጓሚ ፕሮፋይል የሚባል ትንሽ ፋይል ነው። ማርቆስ ታዲያ ፕሪንተሩም ሶፍትዌሩም ቀለሙን እንዲያስተካክሉ ለሁለቱም ፈቅዶላቸዋል። አንዱ የተረጎመውን ሌላው እንደገና ይተረጉመዋል። ሁለት አስተርጓሚ ያለበት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ሀዋሳ ውስጥ ደግሞ ያልተቀመጠ ያለ አይመስለኝም።

አንዱን አስተርጓሚ አሰናበትን። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የቀለም ካሬዎች አትመን በመለኪያ መሣሪያ አንድ በአንድ ለካን። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፤ ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመርን። ዓርብ ጠዋት ቤዛ ወጣች። ከኋላዋ ያለው ሐይቅ በጥዋት እንደምናየው ግራጫ ነው፤ ቀሚሷ ነጭ ነው፤ ፊቷ ያው እግዚአብሔር የሰጣት ጠይም ፊት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ራሷ ነበረች። ማርቆስ ጨበጠኝ። ሳይንስ አሸንፏል ብዬ ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩ ሳይመጣ ወይዘሮ አስካለ መጡ። ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይቺ ማን ናት?» አሉ።

ማርቆስ ቤዛ መሆኗን ነገራቸው።

«መሆኗንማ አያለሁ። የሠርጓ ዕለት ታማ ነበር እንዴ?»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ስለ ሞገዱ፣ ስለ ካሬዎቹ፣ ስለ መለኪያው በሚገባ አስረዳኋቸው። ሕፃን ልጅ የቃል ጥናቱን ሲወጣ እንደሚሰማ ሰው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ «መምህር፣ መሣሪያዎ የለካው ወረቀቱን ነው። ልጅቷን ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ ነኝ» አሉኝ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ክርክር ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ወጡና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛዋን ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ፎቶዋን ማለቴ ነው፤ በባጃጅ ተጭኖ፣ ግራና ቀኝ ጫፍና ጫፉ ወጥቶ። ከቤዛ ጎን ሲያቆሙት ነገሩ ገባኝ። የድሮው ፕሪንተር ሰውን ሁሉ ወደ ብስል ማንጎ የማስጠጋት አመል ነበረው። አመሉን ያወቀበት ደግሞ የለም፤ ምክንያቱም የሰፈሩ ሙሽሮች በሙሉ በእሱ በኩል ስላለፉ በየሳሎኑ የተሰቀሉት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ቤዛ በትክክለኛ ቀለሟ ከእህቶቿ ጎን ብትሰቀል እሑድ የሚመጡት እንግዶች ምን ይሉ ነበር? ወይዘሮ አስካለ የፈሩት ይህንኑ ነው። የፈሩት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም።

ማርቆስ እሳቸው እንዳይሰሙት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ እንደዚህኛዋ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ።

ይቻላል። ሳይንስ ምን የማይችለው ነገር አለ? ጠዋት እውነቱን የለካንበትን መሣሪያ ከሰዓት በኋላ ከእህትየዋ ፎቶ ላይ ስህተቱን ለካንበት። የሞተውን ፕሪንተር አመል፣ ቢጫውን ከነመጠኑ፣ ቀዩን ከነመጠኑ፣ አንዲት ነጥብ ሳናጓድል አዲሱ ላይ አሳደርነው። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ በጥንቃቄ የሠራሁት እሱን ነው። ሶፍትዌሩ በመጨረሻ ለፕሮፋይሉ ስም እንድንሰጠው ጠየቀ። ማርቆስ ብዙም ሳያስብ «ትክክለኛ ቀለም» ብሎ ጻፈበት። እኔም አላረምኩትም።

ቅዳሜ ወይዘሮ አስካለ ቤዛንና አዲሱን አማቻቸውን ናትናኤልን አስከትለው መጡ። አዲሱን ፎቶ ግድግዳ አስደግፈን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ።

«አዎ» አሉ። «ልጄ ይቺ ናት።»

ማርቆስ ሳምንቱን ሙሉ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀው። ወይዘሮ አስካለም ደስ ብሏቸው ምርቃት ጀመሩ። ምርቃቱን ግን አልጨረሱትም። ዓይናቸው ከፎቶው ወደ ጎን ሲያልፍ እዚያው ቆማ ፈገግ በምትለው በቤዛ ላይ አረፈ። ፎቶውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና ፎቶውን አዩ። ፊታቸው ላይ አዲስ ሐሳብ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?»

ቤዛ መልስ ፍለጋ አፏን ስትከፍት፣ እሳቸው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ጥፋት ወዳልተገኘበት አማቻቸው ዞረዋል።

«ናትናኤል፣ ገና ወር እንኳ አልሞላችሁም። ልጄን ምን አድርገሃት ነው?»

ልጁ የሚመሰክርለት ሰው ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ የፕሪንተሩን ገመድ እያስተካከልኩ ነበር።