ከእኔ በፊት የነካው ማን ነው?

የመርካቶ ጠጋኝ ማሽን ሲከፍት መጀመሪያ የሚመረምረው ብልሽቱን ሳይሆን ከእሱ በፊት የነካውን ሰው መሆኑን አስተውላችኋል? እኔ አስተውያለሁ፤ ተናድጃለሁም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ የሚተዳደሩት በአንዲት የጌም ማጫወቻ ነው፤ የሰፈሩ ወጣት እየከፈለ ይጫወትባታል። ኮፒ ሲዲ እንድታነብ ቺፕ አስገጥመውላት ነበር፤ ሰሞኑን አልበራ አለች። ሲኒማ ራስ አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ አብረን ሄድን።

በስልክ እያወራ፣ ብሎኖቹ ላይ የተለጠፈውን የዋስትና ስቲከር ቀዶ ከፈታት። የቺፑ ሽቦ ተላቆ ነበር።

"ምን ዓይነት አህያ ነው ይሄን የበየደው? እጁ ይቆረጥ!"

"አንተው ነህ፣ የኔ ልጅ። ባለፈው ወር" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"እኔማ እንዲህ አልበይድም። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው አስነክተዋታል።"

"አሁን የቀደድከው ስቲከር ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?" አልኩት።

አየውና ጨምድዶ ጣለው። "ፊርማ ማንም ያስመስላል፣ ጋሼ።"

ከዚያ መበየጃውን አነሳና፣ እያየነው፣ ቦርዱን አቃጠለው።

እትዬ ዘይነባ እንጀራቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ ከኋላቸው ተጣራ፦

"እናቴ! ሌላ ጋ እንዳይወስዷት፣ ያበላሹብዎታል!"