ሱቅ ለመክፈት እድር አቋቋምኩ

ሰው ንግድ ከመጀመሩ በፊት ገበያ ያጠናል ሲባል ትሰማላችሁ አይደል? እኔ ያጠናሁት መጋረጃ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣ ሰሞን ነው። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ፣ ያለችኝን ጥሪት ይዤ፣ እዚያ ሱቅ ልክፈት አልኩ። ሕንፃ ሞልቷል፤ ሰው ግን የለም። ባለዕጣዎቹ ይግቡ ይሽጡት ማን ያውቃል? በየቀኑ እየሄድኩ መጋረጃ የተሰቀለበትን መስኮት አያለሁ። አንድ ጨምሮ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ያው ተነቅሎ አገኘዋለሁ። ሚስቴ ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ያቺ ጥሪት ከጠፋች ሌላ የለንም።

ሰው አማከርኩ። የንስሐ አባቴ ጸልይበት አሉኝ። አማቼ አስፋልቱ እስኪደርስ ጠብቅ አለኝ። በመጨረሻ ቃሊቲ ሱቅ ያለውን የስልጤ ነጋዴ፣ ከድርን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ መጋረጃ ምን ያደርግልዎታል? እድር አላቸው ወይ?»

ለካ ለመቀባበር የተስማማ ሰው ሰፈር አይለቅም ማለቱ ነው። ይህን በየትኛው ትምህርት ቤት ያስተምሩታል?

እድር አልነበራቸውም። ታዲያ ምን ላድርግ? አቋቋምኩላቸዋ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልኩ በየደረጃው ወጥቼ ወረድኩ። ሰዉ ደስ አለው፤ ዳኛ አድርጎ መረጠኝ። እኔም ሱቄን ከፈትኩ።

ከድር አልዋሸም፤ ሰፈሩ ሞላ። ግን ሰው ሲበዛ ሐዘንም ይበዛል። የአንዱ አክስት፣ የሌላዋ አጎት። ዳኛ ደግሞ ድንኳን ያስተክላል፣ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። ሱቄ ዝግ ሆኖ ይውላል። ሚስቴ ትሽጥ እንዳልል እሷን የሴቶች እድር ሰብሳቢ አደረጓት።

ከድርስ? መጥቶ ፊት ለፊቴ ከፈተ። እድሩም ውስጥ ገባ። አንድም ቀብር ቀርቶ አያውቅም፤ ልቅጣው ብል ምን ብዬ? ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው። አንዱ ሲቀብር አንዱ ይሸጣል። በገዛ ምክሩ አከሰረኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ግን ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ወንድም ማብዛቱ?

ዳኝነቱን ልልቀቅ ብል ደግሞ እርስዎን የመሰለ ከየት እናመጣለን ብለው ለመኑኝ። ዳቦውን ግን ከከድር ነው የሚገዙት። የእርስዎማ ሱቅ መች ክፍት ይገኛል ይሉኛል።

በመጨረሻ ሱቄን ዘጋሁት። ሰፈሩ በሙሉ ሊያጽናናኝ መጣ። አንዲት ጎረቤቴ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ እርስዎ የሞቱ ቀን ይህ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ነው የሚወጣው» አለችኝ።

ከልቤ አመሰገንኳት። ከዚያ ሁሉ ቀባሪ ግማሹ እንኳ በቁሜ ስኳር ቢገዛኝ ምን ነበረበት?