ለሰው ያልተሠራው ኮርቻ

[የአራሚው እህት ቤት ሳሎን። በሶፋውና በመስኮቱ መካከል፣ ቢነዱት ንቅንቅ የማይል የስፖርት ብስክሌት ቆሟል። አራሚው ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጧል፤ ማተሚያ ቤት ስህተት ለቃሚ ነው። ሹፌሩ የእህቱ ባል ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። አሁን መፍቻ ይዞ ብስክሌቱ ሥር ተንበርክኳል።]

አራሚው፦ አይመችም አልኩህ አይመችም! ይህ ኮርቻ ለሰው አልተሠራም።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ለማን ነው ጋሼ?

አራሚው፦ ለማንም! ብረት ተርፏቸው መጣያ ሲያጡ የሠሩት ነው።

ሹፌሩ፦ እህትዎ እኮ ለእርስዎ ብላ ነው የገዛችው። ሐኪሙ፣ “ስኳሩ ወደ ዓይንህ እየሄደ ነው፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካልተንቀሳቀስክ ማንበብ ታቆማለህ” እንዳለዎት ከእሷ ሰምቻለሁ።

አራሚው፦ “ታቆማለህ” አላለም። “ልታቆም ትችላለህ” ነው ያለው። ሰው የሰማውን እንኳ በትክክል አይናገርም?

ሹፌሩ፦ ይቅርታ። ካቆሙስ?

አራሚው፦ ካቆምኩማ... [ጋዜጣውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ መልሶ ያርቃል] ካቆምኩማ ማተሚያ ቤቱ ዓይን የሌለው አራሚ ምን ያደርግለታል? እነዳለሁ፣ አልነዳም አላልኩም። ኮርቻው ይስተካከል። ዓይኔን አድናለሁ ብዬ መቀመጫዬን ልጣ?

ሹፌሩ፦ ልክ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው እኔ ልንዳው ያልኩት፤ መሪ ጨብጬ ስውል ጉልበቴ ዛገ። እርስዎ ብቻ ያሳዩኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

አራሚው፦ እሱስ ምንም አታውቅም። ምንድነው የምታስረው ደግሞ?

ሹፌሩ፦ የሶፋውን ትራስ። ኮርቻው እንዲለሰልስ።

አራሚው፦ አንተ ጅል! የለሰለሰ ሁሉ የሚመች ይመስልሃል? ትራስ ውስጥ ትሰምጥና አጥንትህ ሄዶ ብረቱን ያገኘዋል።

ሹፌሩ፦ እኔ ቁጭ ብዬበት ነበር። አልሰመጥኩም።

አራሚው፦ ስላልነዳህ ነዋ! ጫማ ተቀምጠህ ነው የምትለካው? ተራምደህ ነው እንጂ!

ሹፌሩ፦ እንዴት ብዬ ልወቅ ታዲያ?

አራሚው፦ ዞር በል ከዚህ! [ይወጣል። ይነዳል።] ይኸው፣ ወደ ግራ ሄደ። ይኸው፣ ወደ ቀኝ። በአህያ ላይ እንደ ላላ ጭነት!

ሹፌሩ፦ ትንሽ ይታገሱት። ሲሞቅ ይረጋ ይሆናል።

አራሚው፦ [እየነዳ] ምኑ ነው የሚሞቀው? የሞቅኩት እኔ ነኝ! ፍታው ይሄን!

[አራሚው ይወርዳል። ሹፌሩ ትራሱን ፈትቶ ወደ ሶፋው ይመልሳል።]

አራሚው፦ ትራስ አይደለም መፍትሔው፤ ቁመቱ ነው። ዝቅ ብሏል። ከፍ አድርገው።

[ሹፌሩ ብስክሌቱን እንዳለ አቅፎ ወደ ጠረጴዛው ያመራል።]

አራሚው፦ ወዴት ነው?

ሹፌሩ፦ ከፍ ላድርገው።

አራሚው፦ ኮርቻውን! ኮርቻውን ብቻ! ብሎኑን አላላና ወደ ላይ ሳበው። አጠገቡ ሲቆሙ ዳሌ ጋ መድረስ አለበት።

ሹፌሩ፦ [ቀበቶውን ፈትቶ አራሚውን ከወለሉ እስከ ዳሌው ይለካዋል] ይቁሙልኝ... እሺ። [ብሎኑን ያጠብቃል] ደረሰ።

አራሚው፦ የማንን ዳሌ ነው የለካኸው አንተ?

ሹፌሩ፦ የእርስዎን። የራሴን ልለካ ጎንበስ ስል ዳሌዬም አብሮኝ ጎንበስ አለ።

አራሚው፦ እግዚኦ! በዚህ ጭንቅላት ነው ሰው የምታመላልሰው?

ሹፌሩ፦ መንገዱን አውቶቡሱ ለምዶታል። እስቲ ቁመቱ ልክ መሆኑን ይዩልኝ።

አራሚው፦ [ወጥቶ ይነዳል] እ... ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል። ይኸው። እንዲህ ነው። አየህ?

ሹፌሩ፦ አላየሁም። ፈጠንክብኝ... ማለቴ፣ ፈጠኑብኝ። ይድገሙልኝ።

አራሚው፦ ይኸው! ታች... ታች... አሁንስ?

ሹፌሩ፦ የቀኙን አየሁ። የግራው ይቀረኛል።

አራሚው፦ [እየነዳ] ግራውም ጉልበት ነው! ግን ቆይ... ይሄ ኮርቻ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ይወጋል።

ሹፌሩ፦ አይውረዱ፣ አይውረዱ፤ እርስዎ ላይ ሆነው ነው የሚታወቀው። [ከመደርደሪያው ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ በብስክሌቱ የኋላ እግር ሥር ይወትፋል]

አራሚው፦ መዝገበ ቃላቱን? ምነው ያልታደልክ! እኔ ለእህቴ የሰጠሁትን መዝገበ ቃላት!

ሹፌሩ፦ ከሁሉም የሚወፍረው እሱ ነው። ወረድ አለልዎ?

አራሚው፦ ወረድማ ብሏል... [ይነዳል] አዎ፣ መውጋቱን ትቷል። ቢሆንም ነውር ነው! ብሎን እያለለት!

ሹፌሩ፦ መዝገበ ቃላቱን አወጣዋለሁ። ብሎኑ የቱ እንደሆነ እስካገኘው ድረስ ግን ይንዱ፤ ከቆሙ ልኩ ይጠፋብኛል።

አራሚው፦ ፍጠን። ሥራ አለብኝ፤ ጋዜጣው ይጠብቀኛል።

ሹፌሩ፦ [መፍቻውን አስቀምጦ ጋዜጣውን ያነሣል] እስከዚያ ላንብብልዎ። “ከአደጋው በሕይወት የተረፈው ሟች ለፖሊስ እንደተናገረው...”

አራሚው፦ ምን? ምን ብሎ ነው የጻፈው?

ሹፌሩ፦ ሟቹ ተናገረ ነው የሚለው። ምን ችግር አለው?

አራሚው፦ [በኃይል እየነዳ] ምን ችግር አለው ትላለህ? ሟች ምኑን ይናገራል? ከተረፈ እንዴት ሟች ይሆናል? ቀጥል!

ሹፌሩ፦ “ድልድዩ ከነገ ጀምሮ ትናንት ተከፍቷል።”

አራሚው፦ ኧረ የት ነው ያለነው! እነዚህን ልጆች ማን ነው ብዕር ያስጨበጣቸው? ቀጥል፣ ቀጥል!

ሹፌሩ፦ [ገጽ በገጽ አንብቦለት ወደ መጨረሻው ገጽ ደርሶ] “ዝናቡ ባለመዝነቡ ምክንያት በጎርፍ...”

አራሚው፦ [ላቡ በአገጩ እየወረደ] ባለመዝነቡ? በጎርፍ? አንተ፣ ይሄ ጋዜጣ ነው ወይስ የእብድ ቃል? እኔ አንድ ቀን ዓይኔን ከዚህ ገጽ ባነሳ ምን ሊውጣቸው ነው!

[ብስክሌቱ ስለታም ድምፅ ያሰማል።]

አራሚው፦ ምንድነው የጮኸው? ሰበርከው?

ሹፌሩ፦ አልተሰበረም። ግማሽ ሰዓት ሞላ ማለቱ ነው።

አራሚው፦ የማን ግማሽ ሰዓት?

ሹፌሩ፦ የእርስዎ። እኔማ ሞክሬው ነበር፤ እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም።

[አራሚው ወደ እግሮቹ ያያል። አሁንም እየነዱ ናቸው። ያቆማቸዋል።]

አራሚው፦ አንተ... ትራሱ... ዳሌው...

ሹፌሩ፦ ምን ላድርግ ጋሼ? ይንቀሳቀሱ ቢልዎት ሐኪሙንም አልሰሙት። ማረም ከጀመሩ ግን የሚያወርድዎ የለም።

አራሚው፦ እኔን! እኔን ጅል አደረግከኝ!

ሹፌሩ፦ ኧረ በጭራሽ! ጅሉን እኮ እኔ ሆንኩልዎ። የጎደለው እሱ ብቻ ነበር።

አራሚው፦ [ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ ጀርባውን ቀና ያደርጋል] ያላወቅኩ መሰለህ? ትራሱን ስታስር ጀምሮ ነው የነቃሁብህ። የት ድረስ እንደምትሄድ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።

ሹፌሩ፦ አውቀው ነው የነዱት?

አራሚው፦ እንዴታ! እኔ ሳላውቅ የማደርገው ነገር አለ?

ሹፌሩ፦ እንግዲያው ነገም እያወቁ ይምጡ።