ባ ካፔምብዋ የጠሏቸው ጌሞች

በየሰፈሩ ሁሉንም የጀመረ፣ አንዱንም ያልጨረሰ፣ በሁሉም ላይ ግን የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጥ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሰፈር ይህ ሰው በቤት አሠራር ላይ ይፈርዳል፤ ሌላው ሰፈር በሰው ትዳር ላይ። ለእኛ፣ ለኪትዌ ከተማ ቡቺ ሰፈር ነዋሪዎች፣ የደረሱን ክቡር ባ ካፔምብዋ ናቸው፤ "ባ" እኛ ጋ እንደ "አቶ" ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የሚፈርዱትም በቪዲዮ ጌም ላይ ነው።

ክቡርነታቸው አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የናፍጣ ሞተር መካኒክ ናቸው። ሚስት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ አንድ ያረጀ የጌም ማጫወቻም አላቸው። ማጫወቻውን ከነገመዱ በሚስታቸው የገበያ ዘንቢል ከተው መብራት ፍለጋ ይዞራሉ። የእሳቸው መንደር በፈረቃ ሲጠፋ የእኔ ይበራል፤ የእኔ ሲጠፋ የቤተክርስቲያኑ ጀርባ ይበራል። ይህን ፈረቃ ከገዛ ልጆቻቸው የልደት ቀን አስበልጠው ያውቁታል። ከደጅ "ኦዲ! ቤቶች!" የሚል ድምፃቸው ሲሰማ ሚስቴ ማብሪያውን እንኳ ሳትነካ "መብራት መጣ" ትላለች።

እኔ፣ ጄሬ፣ ከንጎኒ ጎሳ ነኝ፣ እሳቸው ከቤምባ። አያቶቻችን ሲዋጉ ኖረው ስለታረቁ ለእኛ የተረፈን መሰዳደብ ብቻ ነው፤ እነሱ እኛን አይጥ፣ እኛ እነሱን ዝንጀሮ ትበላላችሁ እንባባላለን፤ እሱንም ሳናጓድል እንወጣዋለን።

"እንዴት ዋልክ አንተ አይጥ በሊታ?" ይሉኛል በሩ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ።

"ግባ። ዝንጀሮው ግን አልቋል፤ ቀደም ብለህ መምጣት ነበረብህ።"

ገብተው አይቀመጡም። ክቡርነታቸው ተቀምጠው ጌም ሲጫወቱ ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ቆመው፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየሩ፣ በአንድ ዓይናቸው ስክሪኑን በሌላው አምፖሉን ይጠብቃሉ። አምፖሉ ትንሽ ብልጭ ካለ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እሳቸውን ሳይ እኔም መቁነጥነጥ እጀምራለሁ፤ ሚስቴም ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "ምን ሆናችሁ?" ትለናለች።

ባለፈው ወር አንድ ስመ ጥር የጎራዴ ጌም ይዘው መጡ። ገና ከመጀመሩ አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ስለ መንግሥቱ መከራ መናገር ጀመረ። ባ ካፔምብዋ ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑት። ንጉሡ አላቆመም።

"ጄሬ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?"

"ታሪኩን እየነገረህ ነዋ።"

"መብራቱ የራሱ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያወራው! እኛ ሰፈር ቢነግሥ ኖሮ በሁለት ቃል ይጨርስ ነበር።"

ንጉሡ እንደ ምንም ጨርሶ ጎራዴውን ሲያስረክባቸው ክቡርነታቸው ዘንዶውን ትተው ወንዝ ወረዱ። ለካ በዚያ ጌም ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል! በስተጀርባ ከተማው እየነደደ እሳቸው መንጠቆ ጣሉ፤ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። "ዓሣው ጥሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው" አሉ። ወዲያው መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ጌሙ ሴቭ አላደረገም ነበርና ንጉሡ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረ። ባ ካፔምብዋ ዲስኩን አወጡ። ያ ከተማ እስከ ዛሬ እየነደደ ነው።

የመኪና እሽቅድምድሙን የጠሉት በጆሯቸው ነው። "ይሄ ሞተር ይዋሻል" አሉ። መኪናው የቤንዚን ነው፣ ድምፁ ግን የናፍጣ ሆነባቸው። እሽቅድምድሙን አቁመው መኪናውን ጥግ አስይዘው ሞተሩን ብቻ ሲያስጮሁና ሲያዳምጡ ፈረቃው አለቀ። የሕዋውን ጌም ደግሞ ስፋቱን አመስግነው ጀመሩት፤ ከዚያ ከኮከብ ኮከብ ሲዞሩ ቆዩና ፊታቸው ጠቆረ። "ይህን ሁሉ ዓለም ይሰጡሃል፣ አንዱም ጋ ቤት ገብተህ ውሃ አትጠጣም።" ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሰው የሚያሳድዱበትንማ ጭራሽ ተቆጡበት። "ይሄ ሁሉ ሬሳ መንገድ ላይ ሲሄድ አንድ እንኳ ዘመድ 'ወዴት ነው?' አይለውም? ቀባሪ የላቸውም?" አሉ። ጥፋቱ ብዙ ነው ተባለና ተዘጋ።

"ጥፋቱ ብዙ ነው" የፍርዳቸው መዝጊያ ነው። ይግባኝ የለውም። ሕጋቸውንም ለማንም አይደብቁም፤ "ካቆምኩበት ያልጠበቀኝን ጌም እኔም አልጠብቀውም" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግን የሚጠብቋቸውም ጌሞች ቢሆኑ ወረፋቸው አልደረሰም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ክቡርነታቸው ሌላ ቤት፣ በሌላ ጌም ላይ ናቸው። እኔ በጣም የምወደው አንድ የእርሻ ጌም ነበር። በቆሎ ትዘራለህ፣ ዝናቡ በሰዓቱ ይመጣል፣ ታጭዳለህ፣ ነፍስህ ታርፋለች። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ዝናብ በቀጠሮ የሚመጣበትን አገር አላምነውም" ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጌም ደመና ባየሁ ቁጥር ጥርጣሬ ይገባኛል። እርሻዬን አበላሹብኝ።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ሉሱንጉ፣ ሰው ጠፍቶ፣ የሠራችውን ጌም ለእኚህ ሰው ላሳይ ያለች ጊዜ ራሴን ያዝኩ።

ሉሱንጉ ኮምፒውተር ተምራ ሥራ አጥታ እኛ ቤት ስትቀመጥ አንድ ጌም ብቻዋን ስትሠራ ነበር። ሥዕሉም የእሷ፣ ድምፁም የእሷ። አባቷ ንዶላ ከተማ ካለ የሲሚንቶ ነጋዴ ቢሮ ሥራ አገኘላትና ሰኞ እንድትጀምር ተባለ።

"ለሁሉም ሰው አሳየሁት አጎቴ" አለችኝ። "ሁሉም 'ቆንጆ ነው' ብለው ስልካቸውን ያወጣሉ። ባ ካፔምብዋ ግን ውሸት አይችሉም። እንደ ሌሎቹ ጥለውት ከተነሡ እሁድ እሰርዘዋለሁ፤ ሰኞ ልቤ ሳይንጠለጠል ሥራዬን እገባለሁ።"

"እኚህ ሰው ዘንዶ ትተው ዓሣ ያጠመዱ ናቸው እኮ ልጄ።"

"አውቃለሁ። እንዳትነግራቸው ብቻ።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኔ ጋር አገናኘች። ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ መጋረጃውን ዘጋን። ባ ካፔምብዋ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጆይስቲኩን ያዙ፤ ዘንቢላቸው እግራቸው ሥር ነው። እኔ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

ጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ርቆ ለሥራ የሄደው አባቷ ማታ ይደውልላታል፤ ስልኳ ግን ሊዘጋ ነው። ሰፈሩ ደግሞ በፈረቃ ነው። ከቤት ቤት እየዞረች መብራት ያለበት ቤት ፈልጋ ስልኳን መሰካት አለባት፤ ሆኖም የሰው ቤት ዘው ብሎ ሶኬት አይጠየቅምና በየቤቱ ሰላምታ አለ፣ የቤተሰብ ጤንነት አለ፣ የታመመ ካለ እሱም ይጠየቃል።

የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። አንዲት ሴትዮ ወጣች።

"ይሄ ስህተት ነው" አሉ ባ ካፔምብዋ ወዲያው። "ሳታስቀምጠኝ ሰላም አለችኝ! የት አገር ነው ሰው ቆሞ ሰላም የሚባለው? ወንበር ትስጠኝ።"

ዓይናቸው ደጁ ላይ ወዳለው ምድጃ ዞረ።

"ይሄ ከሰል ቀልቶ ይጨሳል እንዴ? የሚጨሰው ገና ሲቀጣጠል ነው። ይሄ ውሻስ ለምን አይጮህም? ታሟል?"

እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሳልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ልጅቷን ይዘው ወደ ቀጣዩ መንገድ ታጠፉ፤ ድንገት ስክሪኑ ድርግም አለ።

"ኤጭ! ሄደ!"

እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ማንም ሰው ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ሶኬት መንቀል ነው፤ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። ክቡርነታቸው ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውረው ግድግዳው ጋ ደረሱና ሶኬቱን መንጭቀው ነቀሉት። ዘንቢላቸውንም አነሡ።

"በሉ እኔ ልሂድ፤ እኛ ሰፈር አሁን ይመጣል። ልጄ፣ ጥፋቱ ብዙ ነው።"

ሉሱንጉ ግን ቀስ ብላ "ባ ካፔምብዋ" አለች፤ "መብራት አልሄደም።"

ሁላችንም አዳመጥን። ፍሪጁ ያጉረመርማል። ከወጥ ቤት በሬዲዮ አንድ ሰባኪ ይጮኻል።

"የሄደው ልጅቷ ሰፈር ነው፤ እዚያ ውስጥ። የእኛን እርስዎ ነቀሉት እንጂ።"

ባ ካፔምብዋ እጃቸው ላይ ያለውን ሶኬት አዩት። እኔ ደግሞ ዘር ማንዘሬ ሲመኘው የኖረውን ዕድል አላሳለፍኩትም።

"አንተ ቤምባ! በሥዕል ጨለማ ተሸወድክ! ይህን ቺፓታ ላሉ ዘመዶቼ ደውዬ ነው የምናገረው!"

"ዝም በል አንተ አይጥ በሊታ!" አሉና ወደ ሉሱንጉ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እና... ብሰካው ከየት ይጀምራል?"

"ካቆሙበት። እኔም እዚሁ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው ያደግሁት።"

መልሰው ሰኩት። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ጠበቁ። ከዚያ ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ ልታይ መጥታ አፏን ይዛ ተመለሰች።

ልጅቷ በጨለማው መንገድ ላይ ናት። አሁን ቤቶቹ የሚገኙት በድምፅ ብቻ ነው፤ ከየበሩ "ማነው?" ይባላል፣ አንተ ድምፁን ተከትለህ ትሄዳለህ። ባ ካፔምብዋ ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ ዘንበል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ልጅቷን አንድ ቦይ አሻገሯት። አፋቸው ግን አልታረቀም።

"ይሄም ስህተት ነው። ጎረቤት በጨለማ 'ማነው' አይልሽም፤ በእርምጃሽ ያውቅሻል። በስምሽ ነው የሚጠራሽ። ይሄ ቦይ ደግሞ ድልድይ ከየት አመጣ? የእኛ ቦይ ለመሻገሪያ ጎማ ነው የሚጣልበት።"

"ገባኝ ባ ካፔምብዋ፣ ይበቃል" አለች ሉሱንጉ። ዓይኗ ሞልቷል። "ለነገሩ ነገ ልሰርዘው ነው።"

"ምኑን?"

"ጌሙን። ሰኞ ንዶላ ሥራ እገባለሁ። እርስዎም ጥፋቱ ብዙ ነው ብለዋል።"

"ብዙ ነዋ!" ጆይስቲኩን ደረታቸው ላይ ያዙት፤ የምትቀማቸው መስሏቸው ነው። "አባቷስ?"

"የማን አባት?"

"የልጅቷ! ማታ ይደውላል አላልሽም? ደውሎ ስልኩ ቢዘጋበት ምን ይላል? ሞተች ነው የሚለው! አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም? ንዶላ ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ። ከሥራ ስትወጪ ታስተካክዪዋለሽ፣ ቅዳሜ ስትመጪ እኔም መጥቼ አያለሁ። ጨለማ ውስጥ ጥለሻት ግን አትሄጂም! እኔ እኮ ገና ቤቱን አላገኘሁትም!"

ድምፃቸው ተሰበረ። ከሚስታቸው ጋር ሲጣሉም፣ ወንድማቸውን ሲቀብሩም አብሬያቸው ነበርኩ፤ እንዲህ ሲሆኑ አላየሁም። ሳልደብቅ ልናገረው፤ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። መብራት ኖሮ እሳቸው ያልመጡበት ቀን እኔ ቤት አይመሽም። ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን ከእኔ ጋር ተጣልቷል።

ይህን እያሰብኩ ፍሪጁ ዝም አለ። ሰባኪውም ቃሉን ሳይጨርስ ተቋረጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ለካ ውጭም መሽቷል። ባ ካፔምብዋ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

"ሉሱንጉ" አሉ በጨለማው፤ "ይሄኛው ጨለማ ያንቺ ነው ወይስ የመብራት ሰዎቹ?"

ሉሱንጉ ሳቀች። ያን ሳምንት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። "የእነሱ ነው" አለች።

ስልካቸው ጮኸ። ሚስታቸው ናቸው። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል፤ እነሱ ጋ መብራት መጥቷል፣ ለምን አይመጡም? "ሥራ ላይ ነኝ" አሉ ክቡርነታቸውና ዘጉት።

ሚስቴ ሻማ አምጥታ ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፏችንን፣ አቀረበች። ሉሱንጉ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

"የመጀመሪያዋ ሴትዮ ወንበር ብቻ ነው የሚያንሳት?"

"ወንበር ብቻ? ውሃስ? የእናቴን ጤና እንኳ አልጠየቀችኝም እኮ። አንደኛ..." አሉ ባ ካፔምብዋ እጃቸውን እየታጠቡ፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪመጣም አላቆሙም።