የቃላት ዘር ቆጣሪው

በየቤተሰቡ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አለ። ማንም አልቀጠረውም፤ ስለዚህም ማንም ሊያሰናብተው አይችልም። ደሞዝ አይጠይቅም፣ ዕረፍት አይወጣም፣ ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ቢሸሹ እንኳ ትምህርቱን አያቋርጥም። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ይህን መምህር ያገኘው በጋብቻ ነው። የሚስቱ አባት ናቸው።

ክቡር አማቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊደል አንድ በአንድ መሣል ጊዜ ይፈጃል ብለው፣ በእንግሊዝኛ አብረው መዋል የሚወዱ ፊደላትን ካርቶን ላይ በአንድነት ቆርጠው ያስቀምጡ ነበር። አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ የተቆረጡበት ካርቶን ቀለም ሲቀባበት ዛሬ አምፖል ሻጩ በር ላይ «ላይት» ይሆናል፣ በማግስቱ ጭፈራ ቤቱ በር ላይ «ናይት»። የሚለወጠው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው የሚል እምነት አደረባቸው። የሰፈሩ ሰው «ሊቀ ፊደላት» የሚል ማዕረግ ቢሰጣቸው፣ ቀልድ መሆኑን ሳይጠረጥሩ ተቀበሉት።

ሊቀ ፊደላት ፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያመለጠው ሰው አለቀለት። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ዘመዱ ማነው?» ይላሉ። ቧንቧ ሠራተኛው መጀመሪያ የተጠየቀው፣ ጋብቻ የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ፣ የቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ ሊጠግን በሄደ ዕለት ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል፤ እሱ በሁለት እጁ የፈነዳውን አፍኖ «እባካችሁ ላይት አብሩልኝ» ቢል፣ ሽማግሌው ማብሪያ ማጥፊያውን ትተው የላይትን ዘመዶች ጠየቁት። መብራቱን ያበራችለት ልጃቸው ናት። ያገባትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘም። ገበታ ላይ ጨው ፈልጎ «ሶልት» የሚል ቃል ካመለጠው፣ ማልትንና ሌሎች የሩቅ ዘመዶችን ሳይጠራ የጨው ዕቃው አይቀርብለትም፤ ብዙ ቀን ጨው ያልነካውን ምግብ በልቶ ተነስቷል። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ሊቀ ፊደላት ከጎኑ ነበሩ። «ስቶፕ» የሚለውን ምልክት እያሳዩ ሾፕን፣ ቶፕንና ድሮፕን ለፖሊሱ በየተራ አስተዋወቁ። ፖሊሱ መጀመሪያ ለመቅጣት ያላሰበ ሰው ነበር። «ዌይት» እና «ኤይት» በፊደል ከነላይት ጋር አንድ ሆነው በአነጋገር ለምን እንደማይመስሏቸው ሲጠየቁም መልስ አያጡም። ውጭ አገር ቆይተው አፋቸው የተለወጠ ዘመዶች ናቸው ባይ ናቸው።

ሚስቱ ለመውለድ ሆስፒታል የገባች ዕለት ግን ጨዋታ አልነበረም። ምጡ እየረዘመ ሄደ። ሐኪሙ ወጣና የሕፃኑ ልብ ምት እየደከመ መሆኑን፣ እናትየውም ብዙ ደም እየፈሰሳት ስለሆነ ባስቸኳይ ኦፕራሲዮን እንደሚያደርጓት ነግሯቸው ተመለሰ። በሩ ተዘጋ። አማትና አማች ኮሪደሩ ውስጥ ካለው የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለቧንቧ ሠራተኛው ብትሞትብኝስ ከሚለው በቀር ሌላ ሐሳብ አልመጣለትም።

«አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ» አሉ ሊቀ ፊደላት። «ላይት፣ ናይት፣ ፋይት…»

ጆሮውን ማመን አቃተው። ይህ ሰው ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ብሎ ደመደመ።

«አባባ፣ ስለ እግዜር ብለው ዛሬ እንኳን ይተዉኝ። ውስጥ ያለችው እኮ ልጅዎ ናት።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ይህን ዝምታ ስንት ዓመት ሲመኘው ኖሯል፤ ሲያገኘው ግን ሊሸከመው አልቻለም። ከበሩ ወዲያ የብረት ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። የሚጣደፍ እግር ይሰማል። አንዲት ነርስ ሮጣ ወጣችና የደም ከረጢቶች ታቅፋ ሮጣ ተመለሰች፤ ምን ሆነ ብሎ ቢነሳ ዞር ብላም አላየችው። ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኑ የአማቱ እጅ ላይ አረፈ። ሽማግሌው በጣታቸው ሱሪያቸው ላይ ፊደል ይጽፋሉ፤ ያንኑ አንድ ፊደል ይደጋግማሉ።

«እናቷ ሁለተኛውን ስትወልድ እንዲህ አስገቧት» አሉ በሩን እያዩ። «ያኔ ዝም ብዬ ነው የጠበቅሁት። ዝም ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ መጥተው ነገሩኝ።»

ሚስቱ ያለ እናት ማደጓን ያውቅ ነበር፤ እናቷ በወሊድ መሞቷን ግን ማንም አልነገረውም። በሰውየው ላይ መቆጣቱ አንገበገበው። ያ ሁሉ ዘር ቆጠራ ትምህርት ሳይሆን ፍርሃት እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ቧንቧው ሲፈነዳ ፈርተው ነበር፤ ፖሊሱ ሲያስቆምም ፈርተው ነበር። የጨው ዕቃው ምኑ እንዳስፈራቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

«ታይት» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «እኛ ሥራ ላይ መጋጠሚያ ስናጠብቅ የምንለው። እሱም ዘመዳቸው ነው አይደል?»

«የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ» አሉ ሽማግሌው፤ ትንፋሻቸውን ለቀቅ አደረጉ። «ብራይት አለ። ፍላይት አለ።»

«ሳይት አለ።»

እንዲህ እየተቀባበሉ ቀጠሉ። የቅርቦቹ ሲያልቁ አፋቸው የተለወጠውን ሁለቱን ይቅር ብለው አስገቧቸው። ከዚያ ወደ ሌላ ቤተሰብ ተሻገሩ፤ ከእሱም ወደ ሌላ። ቧንቧ ሠራተኛው የሚያውቀው ሲያልቅበት ከራሱ እየፈጠረ ይናገር ጀመር። ሊቀ ፊደላትም አንዱንም ሳያርሙ፣ ሁሉንም እሺ፣ እሺ እያሉ ተቀበሉት። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እጅ ለእጅ የተያያዙት መቼ እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም።

በመጨረሻ ነርሷ ወጣች። ፊቷ ላይ ላብ አለ።

«ተርፈዋል» አለች። «እናትየዋ ደክማለች እንጂ ደህና ናት። ሴት ልጅ ናት የወለደችው። ለጊዜው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ባልየው ማነው?»

ቧንቧ ሠራተኛው ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ዞር ሲል፣ ሽማግሌው ከአግዳሚው ሳይነሱ፣ እንደገና መጥፎ ነገር የሚነግራቸው ሰው ያለ ይመስል ነርሷን አሁንም ትክ ብለው ያያሉ። ተመልሶ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው።

«ይግቡ፣ አባባ» አለ። «እርስዎ ከእኔ በፊት ጀምረው ነው የሚጠብቁት።»

ነርሷ ግራ ገብቷት አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። ከዚያ በሩን ለሽማግሌው ከፍታ ያዘችላቸው።